ይሉኝታ ያጣበቀው ፒስተን

ሰው ሲናደድ እጁ ይንቀጠቀጣል ይባላል። የሺዙኤ ግን ተቃራኒው ነው፤ ንዴቷ በበዛ ቁጥር እጇ ይረጋል። ያን ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከቤቷ ጎን ባለችው ጋራዥ ተቀምጣ አዲሱን ፒስተን ከካርቶኑ ስታወጣ አንጀቷ እርር ብሏል፤ ጣቶቿን ላየ ግን ከዶሮ ሥር እንቁላል የምታነሣ ነበር የምትመስለው።

ያናደዳት የሰፈሩ ሊቀ መንበር ኦጊሶ ቅድም ይዞት የመጣው ወሬ ነው። በሩ ላይ ቆሞ፣ ልግባም አልግባም ሳይል፣ ባርኔጣውን እያሻሸ ነበር ነገሩን የጀመረው።

«ያው እትዬ ሺዙኤ፣ ነገ የሰፈሩ ሣር አጨዳ ነው።»

«አውቃለሁ ጋሽ ኦጊሶ። መቼ ቀርቼ አውቃለሁ?»

«እርስዎማ! እርስዎማ አይቀሩም። እንዲያው ብቻ… ልጅዎ ቺጉሳ እሑድ በሞተር ብስክሌት ትወዳደራለች ሲሉ ሰማሁ። ሞተሩ ይነሣል ማለት ነው።»

«ሳይነሣ እንዴት ይሮጣል? እየገፋችው ትወዳደር?»

«ኧረ እንደሱ ማለቴ አይደለም! እኔ ምን ይመስለኛል፣ እኔማ ደስ ነው የሚለኝ። አዲሱ ጎረቤታችን ናቸው እንጂ፣ አቶ ሃታናካ። ድምፅ አይስማማቸውም። ከቶኪዮ ድረስ የመጡት ጸጥታ ፍለጋ ነው። አደራ፣ እንዳይቀየሙኝ።»

ሚስቱ በጨው የዘፈዘፈችውን ኪያር በሳህን አድርጎ መስኮቱ ላይ አስቀመጠና ሹልክ ብሎ ሄደ። ኪያሩ እዚያው ቀረ። ማን ይቀምሰዋል!

ባለፈው ዓመትም ልክ እንዲሁ ነበር። ያኔም ኪያር፣ ያኔም «እኔ ምን ይመስለኛል»፣ ያኔም አቶ ሃታናካ። ልዩነቱ ያኔ ሺዙኤ እሺ ማለቷ ነው። አዲስ ፒስተን የገባለት ሞተር በአንዴ አይጋለብም፤ አዲስ ጫማ አጥልቆ ተራራ እንደ መውጣት ነው። ቀስ ብሎ ይነሣል፣ ሲሊንደሩ እጅ እስኪያቃጥል ይሞቃል፣ ይጠፋል፤ ከዚያ ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ ይተዋል። ይኼ ሦስት ጊዜ ነው። ፒስተኑና ሲሊንደሩ አብረው ማበጥን፣ አብረው መኮማተርን የሚለምዱት እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት አንዴ አሙቃ ለሁለተኛው ስትዘጋጅ ኦጊሶ መጣ፤ ይሉኝታ ያዛትና ተወችው። ጎረቤት ከሚቀየም ይቅር አለች። በማግሥቱ ውድድሩ ላይ ቺጉሳ ዳገቱን በሙሉ ጋዝ ስትወጣ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣበቀ፤ የኋላው ጎማ ቀጥ አለ፤ ልጅቷ በመሪው ላይ ተሽቀንጥራ ወደቀች። የትከሻዋ አጥንት ሲሰበር የሰማችው እናቲቱ ናት፤ ከገመዱ ማዶ ቆማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሺዙኤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር በሰማች ቁጥር ትበረግጋለች።

ያ ሃታናካ ደግሞ! ቤቱ ከአጥሯ ቀጥሎ ነው። ጠዋት ጠዋት «እንደምን አደሩ» ስትለው ፊቱን እንኳ አያዞርም፤ አበባውን እያጠጣ ያልፋታል። ድንቄም ጸጥታ ፈላጊ! አፍ የለውም? እግር የለውም? አጥሩን ዞሮ «እመቤቴ፣ ድምፁ ረበሸኝ» ማለት ምን ይከብዳል? ሊቀ መንበር እየላከ፣ ኪያር እያስላከ! በየማታው የሰፈሩ ድምፅ ማጉያ ምሰሶ ላይ ሆኖ ያንን የተሰነጠቀ ዜማ ሲለቅበት ጸጥታው የት ነበር?

በወጣትነቷ ሐማማትሱ ከተማ በሚገኝ የሞተር ፋብሪካ ውስጥ ተደርድረው ከሚቀመጡት ሴቶች አንዷ ነበረች፤ ሥራቸው ጠዋት ገብተው ማታ እስኪወጡ የፒስተን ጠርዝ መሞረድ ነው። አግብታ ወደዚህ ሸለቆ ስትመጣ እጇን ይዛ መጣች። የማንም ሣር ማጨጃ ቢበላሽ፣ የማንም የውሃ ፓምፕ እምቢ ቢል መድረሻው የሷ ጋራዥ ነው። የኦጊሶ ፓምፕ ራሱ አሁን ተፈቶ ከጀርባዋ መደርደሪያ ላይ አለ።

አዲሱን ፒስተን ወደ ብርሃኑ ከፍ አደረገችና በአውራ ጣቷ ጥፍር ጠርዙን ዳሰሰች። ጥፍሯን ያዘው። ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ ጠርዝ እንደ ቢላዋ ነው፤ በዘይት የተሸፈነውን የሲሊንደር ግድግዳ እየላጨ ይወርዳል። ቀጭኑን የብርጭቆ ወረቀት ነጭ ጋዝ ውስጥ ነከር አድርጋ ጠርዙን ዙሪያውን ማለስለስ ጀመረች። ታች ያለውን ከንፈሩን፣ ጎንና ጎኑ ላይ ያሉትን መስኮቶች፣ ሁሉንም። አትጫነውም፤ እንደ ሕፃን ፊት ነው የምታብሰው። ከዚያ በጭስ መውጫው በኩል በሚውለው ጎኑ ላይ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ በሳች፤ በዚያ በኩል ያለው ግድግዳ ከሁሉ ይብስ ይግላል፣ ዘይት በቀዳዳዎቹ ይደርሰዋል። የቀዳዳዎቹንም አፍ አለሰለሰች።

ቺጉሳ ከፖስታ ቤት ሥራዋ ስትመለስ እናቷ ፒስተኑን በሳሙናና በሙቅ ውሃ እያጠበች ነበር።

«እማዬ፣ ልታገጣጥሚው ነው ወይስ ልትድሪው?»

«ዝም በይ። እዚያ ጋ ያለውን ፋሻ አቀብይኝ።»

ቺጉሳ ፒስተኑን የሚያቅፈውን ቀጭን የብረት ቀለበት አቀበለቻት። ሺዙኤ ፋሻውን ብቻውን ሲሊንደሩ ውስጥ ከታ ጫፍና ጫፉ መካከል ያለውን ክፍተት በስስ ብረት ለካች። ልክ ነው። የታጠበውን ፒስተን ሩዝ የሚሞቅበት ድስት ውስጥ ጨምራ እሳት ላይ ጣደችው፤ ሲሞቅ የጎኑ ቀዳዳ ስለሚሰፋ ፒስተኑን ከሞተሩ ክንድ የሚያያይዘው ፒን ያለ መዶሻ ይገባል። የሞተሩን አፍ በንጹሕ ጨርቅ ወተፈች፤ የፒኑ መያዣ ሽቦ ተስፈንጥሮ እዚያ ውስጥ ከገባ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው።

«ጋሽ ኦጊሶን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። አይተው እንዳላዩ ሆነው ዞር አሉብኝ» አለች ቺጉሳ። «መጥተው ነበር አይደል?»

«መጥተው ነበር።»

«በቃ ለምን ወንዝ ማዶ ወስደን አናሞቀውም? በመኪናችን ጭነን…»

«ምን ሲደረግ!» ሺዙኤ ብው አለች። «የሠፈሬ ሰው፣ ማዕድ አብሬ የቆረስኩት ሰው ረበሽሽኝ ቢለኝ ወንዝ ማዶ አይደለም ተራራ ማዶ እወስደዋለሁ። ሰላምታ ለማይመልስ ሰው ግን ከገዛ ደጄ አልንቀሳቀስም! ነገ በጠራራ ፀሐይ፣ እዚችው በሬ ላይ፣ ሦስቴ! የፈለገ ጆሮውን ይድፈን።»

የጋለውን ፒስተን በጨርቅ ይዛ ከድስቱ አወጣችው። አናቱ ላይ ያለው ቀስት ወደ ጭስ መውጫው መዞሩን አየች፤ ፒኑን በአውራ ጣቷ ገፋ ስታደርገው ሰተት ብሎ ገባ። ቺጉሳ ትከሻዋን እያሻሸች አየቻት።

ቅዳሜ ጠዋት ሸለቆው አበደ። ሣር አጨዳ ነውና ከየቤቱ አንድ ሰው ማጨጃውን ትከሻው ላይ አንግቶ ወጥቷል። እነዚያ ማጨጃዎች ደግሞ እንደ ቺጉሳ ሞተር ሁሉ ባለሁለት ምት ናቸው፤ ዘይትና ቤንዚን ደባልቀው የሚጠጡ፣ ጢስ የሚተፉ፣ የሚያንጫርሩ። መንገዱ ዳር፣ የሩዙ ማሳ ድንበር፣ የመቃብሩ ዳገት፣ ሁሉም ያንባርቃል። ይኼ ሁሉ ሲጮህ ግን የማንም ጆሮ አይታመምም! ሺዙኤ የድርሻዋን ገና በማለዳው አጭዳ ጨርሳ ሞተሩን በሯ ላይ አቆመችው። መጀመሪያ አሙቃ አጠፋች፣ አቀዘቀዘች። ሁለተኛውን ስታስነሣ የሻይ ሰዓት ደረሰ።

የሻይ ዕረፍት ከጥንት ጀምሮ በሷ ግቢ ነው፤ የትልቁ ዛፍ ጥላ አለ፣ ውሃ አለ፣ የተበላሸም ማጨጃ ካለ እግረ መንገዱን ይታያል። ሰዉ እየተንጠባጠበ መጣ። ማጨጃዎቹ አንድ በአንድ ጠፉ። የኦጊሶ ሚስት የገብስ ሻይ ትቀዳለች፤ የሩዝ ድብልብሉ በትሪ ተዘርግቷል። ከሁሉም መካከል አቶ ሃታናካ ማጨጃውን ታቅፎ፣ ፊቱ በላብ ርሶ፣ በቀጥታ ወደ ሺዙኤ መጣና አንድ ነገር ተናገረ። በሞተሩ ድምፅ ምክንያት አልሰማችውም። መስማትም አላስፈለጋት። ሞተሩን አጠፋች።

«መጡ? ዛሬ በእግርዎ መጡ?» ጩኸቷ ግቢውን ሞላው። «አምና ለምን አልመጡም? አምና በመልእክተኛ አጥፊ አሉኝ፣ አጠፋሁ! አንዴ ብቻ አሙቄ፣ ለርስዎ ጸጥታ ብዬ ልጄን ባልበሰለ ሞተር ላይ ሰደድኳት! አጥንቷ ተሰብሮ ስትመጣ ጸጥታዎ እንዴት ነበር? ጣፈጠዎ?»

ማንም ጽዋውን ወደ አፉ አላደረሰም። አቶ ሃታናካ ራሱን ዘንበል አድርጎ ከንፈሯን ያያል። ከዚያ ማጨጃውን መሬት አስቀመጠና ከሸሚዙ ኪስ መሐረብ አወጣ፤ ከመሐረቡ ውስጥ አንዲት ትንሽ ነገር ፈልቅቆ ቀኝ ጆሮው ውስጥ ሰካ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እመቤቴ። ለአጨዳው ብዬ አውልቄው ነበር። ምን አሉኝ?»

ሺዙኤ እንደገና መናገር ነበረባት፤ ሁለተኛው ግን እንደ መጀመሪያው አልወጣላትም። «የሞተሬ ድምፅ… ይረብሸኛል ብለው… ሊቀ መንበሩን ልከውብኝ…»

«እኔ?» ሰውዬው ደነገጠ። «ይኼ የመስሚያ መሣሪያ ካልተሰካ መብረቅም አልሰማም። ቤቴ ስገባ ደግሞ አወልቀዋለሁ። ሞተር ብስክሌት እንዳለዎት ያወቅሁት እኮ አምና ልጅቷ ክንዷን በጨርቅ አንጠልጥላ ሳያት ነው። የመጣሁት ይኼ ማጨጃ ቀጥ ብሎብኝ ነው። ይጠግናሉ ብለውኝ።»

ሺዙኤ ቀስ ብላ ወደ ኦጊሶ ዞረች። ኦጊሶ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን ፎጣ ያያል። ወደ ሚስቱ ዞረች፤ ሚስቱ ማንቆርቆሪያውን ታያለች። ቀጥሎ ያለውን አየች፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለችውን። አንድም ቀና ያለ ፊት የለም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው! ሰፈሩ ሁሉ ሲያወራው የኖረውን እሷ ብቻ ናት ያልሰማችው።

«እናንተ ናችሁ?»

«እንዲያው… የሚስቴ ራስ ምታት…» አለ ኦጊሶ፣ ፎጣውን እየጠመዘዘ። «ለርስዎ በምን አፍ ይነገራል እትዬ? ማጨጃችንን የሚሠሩ፣ ፓምፓችንን የሚሠሩ እርስዎ። ይሉኝታ ያዘን። እሳቸው እንግዳ ናቸው፣ ቢቀየሙባቸውም ብለን…»

«ብለን!» አለች ሺዙኤ። «በኚህ ምስኪን ሰው ስም! ዓመት ሙሉ ስረግማቸው የኖርኩት፣ ሰላምታ ነሡኝ ብዬ የጠላኋቸው… ጋሽ ኦጊሶ፣ አንድ ቃል! በሬ ላይ ቆማችሁ ‹ሺዙኤ፣ ራሴን አመመኝ› ብትሉኝ ምን ነበረበት? የኪያሩን ያህል አይከብድም እኮ! ወንዝ ማዶ ወስጄ አስነሣው ነበር። በደስታ ነበር የምወስደው። እናንተ እኮ ሰዎቼ ናችሁ!»

ቺጉሳ መጥታ የእናቷን ክንድ ያዘች፤ እንደ ወትሮው ልትቀልድ አስባ ነበር፣ አልሆነላትም።

«መኪናውን አምጪ» አለቻት ሺዙኤ።

ቺጉሳ ትንሿን የጭነት መኪና ወደ በሩ አስጠጋች። ሞተር ብስክሌቱን ሊያነሡ ሲሉ ኦጊሶ ተሽቀዳድሞ ኋላውን ሊይዝ ተንደረደረ።

«እጅዎን ያንሡ» አለችው። አነሣ። አቶ ሃታናካ መጥቶ ኋላውን ደገፈና ጫኑት። «ማጨጃዎን እዚያው ይተዉት» አለችው፣ ቀኝ ጆሮው አጠገብ ጮክ ብላ። «ቤንዚኑ ውስጥ ዘይት አልጨመሩም ይሆናል። ቅድሚያ የርስዎን አየዋለሁ።»

እናትና ልጅ ድልድዩን ተሻግረው ወንዝ ማዶ ጠጠሩ ላይ አወረዱት። ሲሊንደሩን በመዳፏ ዳሰሰችው፤ እስኪቀዘቅዝ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ከዚያ ሺዙኤ ረገጠችውና ለሦስተኛ ጊዜ ተነሣ። ድምፁ ንጹሕ ነው፣ አንድም እንከን የለው። ማዶ፣ ከዛፉ ሥር፣ ሰዎቹ ገና አልተበተኑም፤ ትንንሽ ሆነው ይታያሉ። አንዳቸውም ወደዚህ አልዞሩም።

«እዚያ አይሰማም እኮ እማዬ» አለች ቺጉሳ በጆሮዋ።

ሺዙኤ ድልድዩን አየች፣ ከዚያ የልጇን ትከሻ።

«አዎ» አለች። «አምናም መንገዱ ይቺን ታህል ብቻ ነበረች።»