ጠግቦ የሞተው ወፍ

የአጎቴ ሚስት እትዬ አስካለ፣ የዐሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ እዚሁ ናይሮቢ፣ ንጋራ በነበረው ቤታቸው ውስጥ ወፌን ገደለችብኝ። ታሪኩን ሰምታችሁት ይሆናል፤ በየሠርጉና በየክርስትናው ስታወራው ኖራለች። በዚህ ከተማ አብረን ካረጀነው ሐበሾች መካከል «ጠግቦ የሞተው ወፍ» ሲባል የማይስቅ ጥቂት ነው። እኔ በተወራ ቁጥር ሳህን ሰብስቤ ወደ ማድ ቤት እገባ ነበር። ዛሬ ደግሞ እኔ ላውራው። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር፤ ፊት ለፊት አንቱ ነው የምላት። እዚህ አንቱታውን አንሥቼዋለሁ። ቅር የሚለው ካለ ይበለው።

ነገሩን የቀሰቀሰው የልጅ ልጄ የሊያ ወፍ ነው። የምኖረው ሩንዳ፣ ከልጄ ቤት ነው። ጠዋት ልጄና ባሏ ወደ ጊጊሪ ቢሯቸው፣ ሊያም ወደ ትምህርት ቤቷ ሲሄዱ እኔና ኪዊ ሁለታችን እንቀራለን። ኪዊ ላቭበርድ የሚሏት ዓይነት፣ ጭብጥ የማትሞላ አረንጓዴ ወፍ ናት። ዓይኗ ሳይገለጥ ከእናቷ ተለይታ፣ በሰው እጅ በስሪንጅ እየተመገበች ያደገች። አሁን ላባዋ ሞልቷል፣ ጥሬ መቆርጠምም ጀምራለች፤ ጩኸቷ ግን ብሶባታል። ሰው ባየች ቁጥር አጎንብሳ፣ ክንፏን እያርገፈገፈች፣ አንገቷን ወደ ላይ ወደ ታች እየናጠች፣ ዘይት እንዳጣ በር ሲጢጥ ሲጢጥ ትላለች። አበላታለሁ። ከአንገቷ ሥር ምግብ የሚጠራቀምበት ከረጢት እንደ ፊኛ ተነፍቶ እያየሁት መልሳ ትለምናለች። የማደርገው ይጠፋኝና ፊት ለፊቷ ቁጭ እላለሁ።

በዚያ መሐል ስልኬ ይጠራና ይቋረጣል። እትዬ አስካለ ናት። አጎቴ ከሞተ፣ ልጆቿም ባሕር ማዶ ከተበተኑ በኋላ ካሳራኒ፣ ከቲካ መንገድ ገባ ብሎ በሚገኝ ፎቅ ላይ ጠባብ ቤት ተከራይታ ከሠራተኛ ጋር ትኖራለች። ቀኑን ሙሉ ሚስድ ኮል ታደርጋለች። መልሼ ስደውል «እናንተ ጋ መብራት አለ?» ትለኛለች። ወይም «ዛሬ ሚካኤል ነው እንዴ?» መልሱን እንኳ በወጉ ሳትሰማ ትዘጋዋለች። ትንሽ ትቆይና እንደገና። ሰሞኑን መመለሱን ትቼዋለሁ። ምግቧም መድኃኒቷም በሰዓቱ እንደሚሰጣት ስለማውቅ ኅሊናዬ አይወቅሰኝም ነበር።

ልጅ እያለሁ ወደዚህ አገር የመጣሁት እናቴ ሞታብኝ ነው። አጎቴ አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ከለቅሶው ቤት ይዞኝ መጣ። የንጋራው ቤት ሽታ አሁንም ከአፍንጫዬ አልወጣም፤ ቀዩ የወለል ሰም፣ የበሰለ ፓፓያ፣ ዝናብ ሲያባራ በመስኮት የሚገባው የአፈር ጠረን። የግቢው ጃካራንዳ አበባውን ሲያራግፍ መሬቱ ሐምራዊ ምንጣፍ ይሆናል፤ ስንረግጠው ከእግራችን ሥር ጧ ጧ ይል ነበር።

እትዬ አስካለ አልመታችኝም፤ አላስራበችኝምም። ይህን የምለው ውሸት እንዳልጽፍ ነው። እኔ ከክፍል ወደ ክፍል እየተከተልኳት «እትዬ፣ ምን ላግዝዎ? እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?» እላት ነበር። ትዞርና ዳቦ ቆርሳ እጄ ላይ ታኖራለች። «ያዢ፣ ብዪና ዝም በዪ። ዝም አይነቅዝም!» ዳቦውን እንደያዝኩ እቆማለሁ። አልራበኝም። ምን እንደፈለግኩ ግን እኔም አላውቀውም ነበር።

የእትዬ ልጆች ገና አልተወለዱም፤ በዚያ ቤት የምታጫውተኝ ሠራተኛዋ ዋንጂሩ ነበረች። እሷም ገና ልጅ እግር ናት። ልብስ አስጥታ ስትጨርስ ሲሚንቶው ላይ በከሰል ሰኞ ማክሰኞ እሥልላታለሁ፤ ቀሚሷን ሰብስባ በአንድ እግሯ ትዘላለች። አማርኛዋ የገበታ አማርኛ ነበር፤ ሳህን ስታቀርብና ስታነሣ የለቀመችው። ብሉ። ጨምሪ። አንሺ። ጠግቧል። አጎቴ በልቶ ከገበታው ፈቀቅ ሲል እትዬ አስካለ «ጠግቧል፣ አንሺው» ትላታለች፤ ዋንጂሩም «አሜሺባ» ብላ ለራሷ በስዋሂሊ ተርጉማ ሳህኑን ታነሣለች።

ወፉን ያገኘሁት ዝናብ ጥሎ ባደረበት ጠዋት፣ ጃካራንዳው ሥር ነው። ጅራት ማውጣት የጀመረ፣ ግራጫ፣ ሁለመናው አፍ የሆነ ጫጩት። ኩኩ አልኩት። ዋንጂሩ ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ በስዋሂሊ ኩኩ ዶሮ ነው። «ጽጌ፣ ይሄ ዶሮ? ይሄ ዶሮ ትልቅ ሲሆን አንድ እግር ለእኔ!» አለችኝ። የጫማ ካርቶን ውስጥ አሮጌ ሹራብ አነጠፍንለት። ሙዝና ፓፓያ በሹካ እየፈጨን፣ በክብሪት እንጨት ጫፍ ወደ ጉሮሮው እናደርሳለን። እኔ ትምህርት ቤት ስሆን የምታበላው ዋንጂሩ ናት። እሱም እንደ ኪዊ ነበር፤ ክንፉን እያርገፈገፈ፣ በልቶም ይጮኻል። ድምፄን ሲሰማ ይጮኻል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ገና የግቢውን በር ስገፋ ይሰማኛል። በዚያ ቤት ስመጣ የሚጮኽልኝ እሱ ብቻ ነበር።

እትዬ አስካለን ግን ራሷን ያማት ነበር። ሻሿን ግንባሯ ላይ አጥብቃ አስራ «አልጠግብ ባይ ሲተፋ ያድራል! ባለቤቱን የመሰለ!» ትላለች። አንድ ቀን፣ እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ፣ እንግዶች መጡባት። ዋንጂሩ ሙዙን ፈጭታ ወደ ካርቶኑ ስትሄድ እትዬ አስካለ ከሳሎን ጮኸች። «ኧረ ይሄ ወፍ ጠግቧል! ጠግቧል እኮ እናንተ!» ቀበጠ፣ ልክ አጣ ማለቷ ነበር። እኔ ብኖር ይገባኝ ነበር። ዋንጂሩ የምታውቀው ጠግቧል ግን አንድ ብቻ ነው። ሙዙን መለሰች። ወፉ እንደገና ሲንጫጫ ብቅ ብላ «አሁን ላብላው?» አለች። «ጠግቧል አልኩሽ! ወዲያ አንሺልኝ!» ዋንጂሩ አነሣችው። ካርቶኑን በጨርቅ ሸፍና፣ ስኳርና ዘይት ከሚቀመጥበት፣ ለእንግዶቹ ተብሎ ከተከፈተው ጓዳ አስገባችው። ይህን ሁሉ የነገረችኝ በማግስቱ ነው።

ስመለስ ግቢው ጭር ብሎ ነበር። «ኩኩስ?» አልኳት። «ጠግቧል! ተኝቷል» አለችኝ ደስ ብሏት። እኔም ደስ አለኝ፤ አንድ ቀን እንኳ ጠገበልኝ ብዬ። የቤት ሥራዬን ሠራሁ። እራት ሊቀርብ ሲል በጓዳው በር ሳልፍ አንዲት ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። ጩኸት አትባልም፤ የጩኸት ትራፊ ናት። በሩ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ሁልጊዜ እትዬ አስካለ ኪስ ውስጥ ነው።

«እትዬ፣ ይክፈቱልኝ፤ ወፌን ልየው።»

«ጠግቧል ተብሏል እኮ!»

«አንዴ ብቻ። ድምፁን ሰምቻለሁ፣ እትዬ።»

ከወንበሯ ሳትነሣ ዞራ አየችኝ። «አንቺም ጠግበሻል!» አለች።

እራት ገና አልበላሁም ነበር። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ወፌም የጠገበው እንደኔው ነው። «ኩኩ አልበላም! እትዬ፣ ምንም አልበላም!» እያልኩ በሩን በመዳፌ ደበደብኩት። አጎቴን አየሁት። ጋዜጣውን ገለጠና «ነገ ይደርሳል፣ ጽጌ» አለ። ክንዴን ተይዤ መኝታ ቤት ገባሁ። በሕይወቴ ከብዙ ነገር ጋር ታግያለሁ፤ እንደዚያ በር ግን የታገልኩት የለም። በሩ አልሰማኝም።

ጠዋት ጓዳው ሲከፈት ኩኩ አፉን እንደከፈተ ሹራቡ ላይ ደርቋል። ከአንገቱ ሥር ያለው ከረጢት እንደ ባዶ ጓንት ጣት ተጣብቋል። ዋንጂሩ አየችውና «እትዬ፣ አንቺ ጠግቧል አልሽ» አለች። አንቺ ማለቷ ራሱ ሌላ ጥፋት ሆነባት። እኔ መሐል ገባሁ። «እትዬ፣ እርስዎ ቀበጠ ማለትዎ ነው፤ እሷ በልቷል ማለት መስሏት ነው» አልኩ። እትዬ አስካለ ወደ ካርቶኑ አየች። ለአንድ አፍታ ገባት፤ ፊቷ ላይ አይቼዋለሁ። ያን ጊዜ አጎቴ ሳቀ። «ጠግቦ ሞተ በዪኛ!» እሷም እሱን አየችና ሳቀች። ቀልዱ የተወለደው ያን ጠዋት፣ ካርቶኑ እጄ ላይ እያለ ነው።

ዋንጂሩ ከሰዓት በኋላ ተሰናበተች። «ቋንቋ የማይገባት ሠራተኛ ምን ታደርግልኛለች» ተባለ። ፌስታሏን ይዛ በሩ ላይ ቆማ «ፖሌ፣ ጽጌ» አለችኝ፤ አይዞሽ፣ አዝናለሁ ማለቷ ነው። እትዬ አስካለ ፖሌ ብላኝ አታውቅም፤ በስዋሂሊም በአማርኛም። በቀልዱ ውስጥ ዋንጂሩ ቂል ናት፣ እኔ አልቃሻ ነኝ። በቀልዱ ውስጥ ጓዳው አይቆለፍም።

ባለፈው ሰሞን ሊያን «ይህች ወፍሽ ምን ሆና ነው? ሆዷ ሞልቶ ትለምናለች» አልኳት። ሊያ ዓይኗን ከስልኳ ሳትነቅል «ሺ ኢዝ ኦኬ፣ እናና። የኪዊ ዶክተር ነግሮናል፤ ገና ቤቢ ስለሆነች ነው። ሃንግሪ ሳትሆንም እንደዛ ታደርጋለች። ማሚዋ መኖሯን ቼክ እያደረገች ነው» አለችኝ።

«ታዲያ ምን ላድርግላት?»

«ከረጢቷን እዪው። ባዶ ከሆነ አብያት። ሙሉ ከሆነ ደግሞ አትቆጫት፣ ጀስት መልሺላት። አለሁ በያት።»

ሳቅኩባት። በማግስቱ ግን ቤቱ ባዶ ሲሆን ኪዊ ጮኸች። ከረጢቷን ዳሰስኩት፤ ሙሉ ነው። «አለሁ» አልኳት። አንገቷን ዘመም አድርጋ አየችኝ። ጮኸች። «አለሁ።» ትንሽ ቆየችና ላባዋን ማበጠር ጀመረች። 

የዛሬ ልጆች ወፍ ስትጮህባቸው ሐኪም ይጠይቃሉ። በእኛ ጊዜ ለጩኸት የነበረው መልስ ወይ ዳቦ ነው ወይ ቁልፍ። ሊያ እድለኛ ናት፤ እድለኛ መሆኗን ሳታውቅ ብታድግ ደስ ይለኛል። የንጋራው ቤት ፈርሷል፤ ጃካራንዳው በነበረበት ፎቅ ቆሞበታል። ኩኩን የቀበርነው እዚያ ነው፤ እኔና ዋንጂሩ፣ ከመሄዷ በፊት። ዋንጂሩ በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም። ይህን ቀልድ ከእንግዲህ የሚያወራ ካለ ጓዳው ተቆልፎ እንደነበር ጨምሮ ያውራው።

ይቅር አላልኩም። እዚህ ድረስ እንደጻፍኩ ስልኬ ጠራና ተቋረጠ። እንደገና ጠራ። ኪዊ የስልኩን ድምፅ ሰምታ ክንፏን እያርገፈገፈች ትንጫጫ ጀመር። መጀመሪያ ለእሷ መለስኩላት። ከዚያ ወደ ካሳራኒ ደወልኩ።

«ጽጌ? እናንተ ጋ መብራት አለ?»

«አለሁ፣ እትዬ» አልኳቸው። ስልኩንም ዘጋሁት።