አራት ችካል በሰው መሬት

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ዳሞታ ተራራ ወገብ ላይ ብስክሌቴን እየገፋሁ በረከትን በሆዴ እየረገምኩት ነበር።

በረከት የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ነው። ከሶዶ በብስክሌት ወጥተን፣ ጫካ ውስጥ አድረን፣ እሁድ እንመለሳለን ያለው እሱ ነው። «መንገዱ ለስላሳ ነው» ብሎኝ ነበር። ለስላሳ... ድንጋዩና የባህር ዛፉ ሥር ጥርሴን ሲያራግፈው ዋለ። ከነዳሁት የተሸከምኩት ይበልጣል። እሱ ከፊቴ እያፏጨ ይሄዳል። ማፏጨቱ ራሱ ያናድዳል።

ዛፉ ሳሳ ያለበት ሜዳ ስንደርስ «እዚህ እንደር» አለ። ዝቅ ብሎ ቤትና እንሰት ይታያል።

«ባለቤት ይኖረዋል፣ እንጠይቅ» አልኩት።

«ለጫካ ደግሞ ማን ይጠየቃል?»

የሚያንጸባርቀውን ሰደርያውን እንኳን ሳያወልቅ፣ ስልኩ ላይ ካርታ እያየ፣ የድንኳኑን ችካሎች በድንጋይ መምታት ጀመረ። አራተኛውን እንደጨረሰ ቀና ስንል በመንደሩ ሰዎች ተከበናል። ከፊት የቆሙት ገጀራ የያዙ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ሰላምታ የሚባል ነገር የለም።

«ማን ነው የላከ?»

«ማንም አልላከንም አባባ፣ ለማደር ነው» አልኩ።

«ለማደር ችካል ምን ያደርጋል?»

በረከት የሶዶ ልጅ ነውና ነገሩን ለማብረድ በወላይትኛ ያስረዳ ጀመር። ጭራሽ ባሰባቸው። እኔም እንዲገባኝ ይመስለኛል፣ መልሱን በአማርኛ ሰጡት።

«ያ የፊተኛውም የኛን ቋንቋ ያወራ ነበር። ሰደርያ አድርጎ፣ ስልክ አይቶ፣ ችካል መታ። የልጄ መሬት ሄደ። አሁን የኔ ነው ተራው?»

ለካ መሬት ልንለካ የመጣን መስሏቸዋል... ደንግጬ «ኧረ አሁኑኑ እንነቅለዋለን» ብዬ ጎንበስ ስል ገጀራው ፊቴ ላይ መጣ።

«አትንካ። ልጄ ችካል ነቀለ ተብሎ ታሰረ። የመታው ሰው ራሱ ይነቅላል፤ በቀን፣ ሽማግሌ እያየ።»

ጎረምሶች ብስክሌቶቻችንን ወሰዱ። እኛ ሰውየው ቤት ገባን፤ እሳቸው በሩን በጀርባቸው ዘግተው ተጋደሙ። ባለቤታቸው የተቀቀለ ጎደሬ አስቀምጠውልን ፊታቸውን አዞሩ። በንዴት አልበላሁም። በእረፍት ቀኔ፣ በገዛ ገንዘቤ መጥቼ እስረኛ... በረከት ግን በላ። የኔንም ጭምር።

ጠዋት ሽማግሌዎቹ መጡ። በረከት እነሱ እያዩት አንድ በአንድ ነቀለ። «ማንም አላስገደደኝም» በል ተባለ፣ አለ። ሰውየው ከዚያ በኋላ ነው ገጀራውን ያስቀመጡት። ተንበርክከው ቀዳዳዎቹን አፈር እየሞሉ በመዳፋቸው ደለደሉ፤ ምልክት እንዳይታይ ሳር ነቅለው ከላዩ ተከሉበት። ሌሊቱን ሁሉ የፈራሁት ያንን እጅ ነው።

ብስክሌቶቻችንን መለሱልን። «ሂዱ» አሉን።

በረከትን እስከ ዛሬ አላናገርኩትም። ሰውየውን ግን መጥላት አቃተኝ... ሌሊቱን ሙሉ ሞክሬ ነበር።