ዕቃ ቤት የገባው ልቦለድ

የአክስቴ ልጅ ጥሩሐረግ ንባብ የለከፋት ናት። በ1991 ዓ.ም. ሰቆጣ ዘጠነኛ ክፍል ስትማር ከከተማው ቤተ መጻሕፍት ያገኘችውን ሁሉ ትዋሰዋለች፤ ልቦለድም ሆነ የሙዚቃ ጥናት አትመርጥም። በተለይ የእሷ ዕድሜ ልጅ ስለ ራሷ የምታወራበት ታሪክ ከተገኘ እራቷንም ትረሳለች። «እንዲህ የምሆነው እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር» ትለኛለች።

አባቷ መሪጌታ ዘመነ ናቸው፤ ድምፃቸው የሚወደድ፣ ቁጣቸው የማይቻል። አንድ ቀን ከቅዳሴ ሲመለሱ የሙዚቃ ጥናቱን መጽሐፍ ከመኝታዋ ራስጌ አገኙት። ገለጥ ቢያደርጉ፣ ከዘፈን ቅኝት ማብራሪያ አጠገብ የዜማ ምልክት ተስሎበታል፤ ዕድሜ ልካቸውን ድጓ ላይ የሚያዩት ያው ድፋት፣ ያው ርክርክ።

«ይሄ ሴት ልጅ መኝታ ላይ ምን ይሠራል?» ብለው ጮኹ።

ምልክቱ ያለበትን ማቃጠልም መጣልም ነውር ነው። ስለዚህ አብረው የነበሩትን ሁለት ልቦለዶች እንኳ ሳይገልጡ ሦስቱንም በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው የደብሩ ዕቃ ቤት አስገቧቸው። እዚያ ደግሞ ሴት አትገባም።

«አባባ፣ የውሰት እኮ ናቸው! ካልመለስኩ ሌላ አይሰጡኝም፤ እባክዎ!»

«እዚያ የገባ አይወጣም» አሉ። አለቀ።

ምሳው የሚባለው የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛም «የወሰድሽውን ሳትመልሺ ሌላ አትነኪም» አላት። የዕቃ ቤቱን ጠባቂ አባ ገብረ አምላክን አብረን ሄደን ለመንናቸው።

«ልጆቼ፣ ቅዱስ ዕቃ እንዴት አድርጌ ላውጣ?» አሉን።

ቅዱስ! ስለ አንዲት ኮረዳ ፍቅር የሚያወራ ልቦለድ ከድጓ ጎን ተቀምጦ ይታጠንለታል፤ ማንበብ የምትችለዋ ልጅ ደጅ ቆማ ታለቅሳለች። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ጥሩሐረግ ክረምቱን በሙሉ የሚነበብ አጥታ በርበሬ የተጠቀለለበትን ቁራጭ ጋዜጣ እያገላበጠች ከረመች።

የደብሩ ክብረ በዓል ዕለት ካህናቱ እንደ ልማዱ መጻሕፍቱን ከነጨርቃቸው ይዘው ሕዝቡን ለማሳለም ወጡ። አባ ገብረ አምላክ የያዙት ያንን ነጭ ጥቅል ነበር። ሰው ተሰልፎ ይሳለመዋል፤ የጥሩሐረግ እናት ሳይቀሩ ግንባራቸውን አስነክተው ሳሙት። የጥሩሐረግ ተራ ደረሰ።

«ተሳለሚ ልጄ» አሏት አባ።

ጥቅሉን መንጭቃ ጨርቁን ፈታችው። ከልቦለዶቹ በአንዱ ጥጉን አጥፋ የተወችውን ገጽ አገኘች። ከአባቷ በወረሰችው ድምፅ ግቢው እስኪሰማ አነበበች፦ «ወንዝ የወረድኩት ውኃ ልቀዳ አይደለም፤ እሱን ላየው ነው።»

አባ ገብረ አምላክ አማተቡ። ከሴቶቹ መሐል አንዷ «ኧረ፣ ከዚያስ?» አለች። መሪጌታ ፊታቸው ደም መስሎ ደረሱ፤ ልጃቸው ግን ቀና ብላ አየቻቸውና ገጹን ገለበጠች።

«ይዘሻቸው ከፊቴ ጥፊ!»

ይዛቸው ጠፋች። ሰኞ ጠዋት ሦስቱን ለሠራተኛው ለምሳው መልሳ ሌሎች ሦስት ይዛ ስትወጣ አየኋት።

ዛሬ አምደወርቅ ከተማ አስተማሪ ናት። አንድ አባት ከልጁ መጽሐፍ ነጠቀ ሲሏት ክላሷን ጨርሳ ቤቱ ድረስ በእግሯ ትሄድበታለች፤ መጽሐፉን ሳትቀበል አትመለስም።