የንፍሮው ትሪና የኔ እጅ

ቆዳዬ መላጥ የጀመረው ስንዴ አጨዳ ላይ ነው። መጀመሪያ ራሴ፣ ቀጥሎ ደረቴ ቀላ። መዳፌና ውስጥ እግሬ ደድሮ ተሰነጠቀ። የተቀመጥኩበት ወንበር የገብስ ዱቄት የፈሰሰበት ይመስላል። መሃል መሃሉን ደህና ቆዳ ተርፎልኛል፤ ለምን እንደማረው እሱ ይወቅ።

ሮቤ ላይ ሁሉም ሐኪም ሆነ። አንዱ ምች ነው፣ ሌላው የሰው ዓይን ነው አለኝ። ጎረቤቴ ደግሞ፣ «ኦቦ፣ የሙክት ሞራ ነው መድኃኒቱ» አለኝ። ተቀባሁ። ውሻ ተከተለኝ እንጂ አልዳንኩም።

ጎባ ያለው ዶክተር ከቆዳዬ ቆንጥሮ አስመረመረና ስሙን ነገረኝ። ስሙ ከኔ ዕድሜ ይረዝማል። «አባባ፣ ብዙ ሰው ላይ የማይታይ በሽታ ነው። ቆዳዎ በራሱ ይቆጣል። ይበርዳል፣ ይመለሳል፤ ወደ ሰው ግን አይተላለፍም» አለኝ።

ይቺን «አይተላለፍም» ይዤ እድር ሄድኩ። ለቅሶ ቤት ንፍሮ በትሪ መሃል ይቀመጥና ሁላችንም በእጃችን እየዘገንን ነው የምንበላው። ለኔ ግን ቆዳዬ መላጥ ከጀመረ ወዲህ ለብቻዬ በላስቲክ ኩባያ ነው። የስንቱን ሬሳ የተሸከምኩበት እድር! ሰብሳቢው ጡረታ የወጣ ጸሐፊ ነው። ቃል አይበቃም፣ ማህተም ያለው ወረቀት ያምጡ አለኝ። ፈርተን አይደለም፣ አሠራር ነው አለ።

በሚኒባስ ጎባ ተመልሼ አመጣሁለት። ማህተሙን ወደ ብርሃን ይዞ አየ። የበሽታውን ስም ሊያነብ ሞክሮ ሦስተኛው ፊደል ላይ ተወው። ጉባኤው ተቀብሏል ተብሎ መዝገብ ላይ ተጻፈ።

በቀጣዩ ለቅሶ ትሪው ዘንድ ተቀምጬ እጄን ሰደድኩ። የከበበው ሽማግሌ ሁሉ ባንድ ጊዜ ጠገበ። ቤታቸው በልተው ነው የመጡት አሉ። እሺ አልኩ። በተሰነጠቀ ጣቴ አንድ በአንድ እየለቀምኩ ትሪውን ጨረስኩት። ሆዴ ተነፍቶ ሁለት ቀን ተኛሁ፤ ግን ጨረስኩት።

ከዚያ ወዲያ ባለው ቀብር ዝናብ ሲወርድብን ዋለ። ተርበን ስንመለስ የቀረበልን አንድ ትሪ ነው። እኔ እጅጌዬን መጠቅለል ጀመርኩ። ሰብሳቢው ትሪውን አየ፣ እኔን አየ። ያለፈውን አልረሳም። ቀድሞኝ እጁን ሰደደ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። እጅ ለእጅ እየተጋፋን ዘገንን።

«ቀስ በል እንጂ፣ ባቄላውን ጨረስከው» አልኩት።

«እርስዎን ማን ያምናል ጋሼ» አለኝ፣ አፉ ሞልቶ።