ሽማግሌዎቹ ሳይደርሱ የሠራነው የግቢያችን መንገድ

ዛሬ ጠዋት አባባ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ከቤት እንደወጡ አዳልጧቸው የግቢያችን ጭቃ ላይ ቁጭ አሉ።

ከሰዓት በኋላ እህቴን ለጋብቻ ሊጠይቁ ከሾኔ ሽማግሌዎች ሊመጡ ነበር። እዚህ ሆሳዕና ከተማ ክረምቱን ሙሉ አባባን «ከውጪ በር እስከ ቤት ያለውን መንገድ እንሥራው» ስንላቸው «በበጋ ይደርቃል» ይሉን ነበር። ዛሬ ግን ከጭቃው ሳይነሱ «በሉ ሥሩት» አሉ።

ሱቅ የሚያስገነቡት ጎረቤታችን ጋሽ ሸምሱ የተሰባበረ ብሎኬት የሚጥሉበት ቸግሯቸው ነበር። «ብቻ አንሱልኝ፣ እመርቃችኋለሁ» አሉን።

ጭቃውን በአካፋ ገፈፍን፤ ስብርባሪውን ጠፍጣፋ ጎኑን ወደ ላይ አድርገን ደረደርን፤ ክፍተቱን በአሸዋ ሞላን። የእጅ ጋሪውን የምትገፋው እህቴ ነበረች። ለራሷ ሽማግሌዎች መንገድ የሠራች ሙሽራ እኔ አላየሁም።

ሽማግሌዎቹ ጫማቸው ጭቃ ሳይነካው ገቡ። ገና ሳይቀመጡ ትልቁ ሽማግሌ «ይህን መንገድ ማን ሠራላችሁ?» ብለው ጠየቁ።

አባባ ጉሮሯቸውን ጠርገው «እኔ ነኝ ያሠራሁት» አሉ። ከዚያ ሁሉንም ይዘው ሊያሳዩ ወጡ። አንዱ ጎንበስ ብለው ብሎኬቱን ነካኩ፤ ሌላው ስለ ራሳቸው ግቢ ጭቃ ማማረር ያዙ።

እህቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «የመጡት ለእኔ ነው ለብሎኬቱ?» አለችኝ።

በመጨረሻ የመጡበት ጉዳይ ተነሳ። በወጉ አባባ «እንማከርበት፣ ሌላ ቀን ተመለሱ» ማለት ነበረባቸው። እሳቸው ግን መንገዱ ሲወደስላቸው ደስ ብሏቸው ወዲያው እሺ አሉ። እማማ እስካሁን አላናገረቻቸውም።

እናንተስ፣ እንግዳ ሊመጣ ነው ሲባል ብቻ የተሠራ ምን አላችሁ?