የማዳም ፊልትሮና የሙሉነሽ ደረት

ከአገሩ የወጣ ሰው ሲያወራ ሁልጊዜ የወጣው በሌሊት ነው። ኮከብ ይቆጥራል፣ ውሻ ይጮህበታል። እኛ ከደብረ ብርሃን የወጣነው በጠራራ ፀሐይ፣ ጎረቤት ሁሉ በር በሩ ላይ ቆሞ እያየን፣ ጨው የጫነ መኪና ላይ ተሳፍረን ነው። በዋዜማው ግን የተኛ ሰው አልነበረም። እናቴ ሙሉነሽን ታቅፋ፣ «ሥራው የሽፈራው፣ መንገዱ የሽፈራው፤ ይቺ የአምስት ዓመት ልጅ ምን አጠፋች?» እያለችኝ ነጋ። ሽፈራው ባሌ ነው፤ ሞተር ያውቃል። መቱ በሚባል አገር አንድ ግሪክ የቡና መቀሸሪያ አቁሞ ሞተረኛ ይፈልጋል፣ ቤትም ይሰጣል አሉት። «ቤት ይሰጣል» የምትለዋን ባልሰማ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

እዚያ ላላችሁት ዘመዶቼ፣ ደግሞም ነገ ተነስታችሁ ወደዚህ ለምትመጡት ነው የምጽፈው። አትምጡ አልልም፤ ብልም አትሰሙኝም፣ እኔስ መቼ እናቴን ሰማሁ? መንገዱ ስድስት ቀን ነው፤ በደሌ አጠገብ ጭቃ ከያዛችሁ ደግሞ ስምንት። አገሩ ያምራል፣ መዋሸት አልችልም። ዛፉ ሰማይ ይነካል። የእኛ ዝናብ ሐምሌ መጥቶ መስከረም የሚሄድ እንግዳ ነው፤ የዚህኛው ቤተኛ ነው፣ ቢሄድም ጃንጥላውን ትቶ ነው። ገብስ የለም። ጎደሬ አለ፤ ድንች ልሁን ብሎ ተነስቶ መሃል ላይ ሐሳቡን የቀየረ ሥር ነው። ማሩን ግን አትጠይቁኝ፣ ከሁሩሙ ገበያ የሚመጣውን ማር የቀመሰ የእኛን ማር አይነካም። ሰዉም ደግ ነው። በእኛ አገር ጎረቤት መጀመሪያ የማን ልጅ እንደሆንሽ ይጠይቅሻል። እትዬ ዲንቂ፣ ግድግዳ የምንጋራቸው አሮጊት፣ መጀመሪያ የጠየቁኝ በልተን እንደሆነ ነው። መልሴንም ሳይጠብቁ በቅቤ የራሰ ወፍራም ቂጣ፣ ጩምቦ የሚሉትን፣ ይዘው ገቡ።

እስከ ኅዳር ደህና ነበርን። ኅዳር ላይ አዲሱ ቡና ገባና መቀሸሪያው መዞር ጀመረ። የተሰጠን ቤት ከመቀሸሪያው ጋር ጀርባና ጀርባ ነው። ገለባው እንደ ዱቄት ደቅቆ በቆርቆሮውና በግድግዳው መካከል ይገባል። ሊጡ ላይ፣ ትራሱ ላይ፣ የሙሉነሽ ሽፋሽፍት ላይ። በሁለተኛው ሳምንት ልጄ ስትተነፍስ ደረቷ ያፏጭ ጀመር። ሌሊት ተቀምጣ ታድራለች፣ ከተኛች ትታፈናለች። ክሊኒክ ወሰድኳት። ድሬሰሩ ልብ ያለው ሰው ነበር፤ «መርፌ እወጋታለሁ፤ መርፌው ግን አቧራ አይጠርግም፣ ከዚያ ቤት አውጫት» አለኝ።

የፋብሪካውን ቤት የሚያድለው ጸሐፊው አቶ መኩሪያ ነው። የአገሬ ሰው ነው፣ የሸዋ ልጅ። የአገር ልጅ ሳገኝ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ሞኝ ነኝ።

«ከመቀሸሪያው ራቅ ያለ ክፍል ይስጡን፤ ልጄ መተንፈስ አቃታት» አልኩት።

«ራቅ ራቅ ያሉት የጸሐፊዎች ናቸው።»

«እንግዲያው መስኮት ያውጡልን።»

«መስኮት ከወጣ አቧራ ይገባላ!»

«አሁንስ እየገባ አይደል እንዴ?»

«መስኮት ሳይኖር ከገባ፣ ታዲያ መስኮቱ ምን ያደርግልሻል?» አለና መዝገቡን ዘጋ።

ሽፈራው ለምኖ፣ እኔ አልቅሼ፣ ከወር በኋላ ሌላ ክፍል ተሰጠን። አልሸሹም ዞር አሉ፤ የዚያው የግድግዳ ሌላው ወገን ነው። ይኸኛው መስኮት አለው። መስኮቱ ወደ መቀሸሪያው ነው።

በጥር ሽፈራው ሙሉነሽን ደብረ ብርሃን አድርሶ ተመለሰ። እናቴ በአንድ ቄስ ደብዳቤ አስጽፋ ላከችብኝ፦ «ልጅቷ እዚህ ከገባች አላሳላትም። ንጹሕ አየር ያለው ቤት ሲኖርሽ ንገሪኝና እሰዳታለሁ። ያለዚያ አልሰጥም።» አያችሁ ነገሩን? ልጄ በኩበት ጭስ መካከል ተቀምጣ ደህና ሆነች፤ ዛፉ ሰማይ በሚነካበት አገር መተንፈስ አቃታት። ማንን ልክሰስ?

አየር የሚጣራ ነገር መሆኑን ያወቅሁት ከዚያ ወዲያ ነው። የግሪኩ ሚስት፣ ማዳም የምንላት፣ ቤት የምታጸዳ ሴት ፈልጋ ገባሁ። የእሷ ቤት ከጉብታው ላይ ነው፣ አቧራው እንኳን ሽቅብ ለመውጣት ይታክተዋል። ሆኖም ደረቷ ደካማ ነው ተብሎ ከውጭ አገር የመጣ፣ ሣጥን የሚያህል የአየር ማጣሪያ መኝታ ቤቷ ተቀምጧል። በፋብሪካው ሞተር ኤሌክትሪክ ይሠራል። ውስጡ ማራገቢያ አለ፤ ከማራገቢያው ፊት ደግሞ ፊልትሮ የሚሉት ወንፊት መሰል ጨርቅ፣ ትልልቁን አቧራ የሚይዝ ሳሳ ያለ፣ ከኋላው ድቅቁን የሚይዝ ወፍራም። እሱን መጠበቅ የእኔ ሥራ ሆነ። ባሌ አቧራውን የሚያስነሳውን ሞተር ያዞራል፣ እኔ ያንኑ አቧራ ከማዳም ፊልትሮ አራግፋለሁ። አንድ ቤት ሁለት ሥራ አገኘን አልን።

ማዳም አማርኛዋ እንደ እኔ ግሪክኛ ነው። «አሰገደች! ፊልትሮ መምታት ውጭ! መጭመቅ የለም! እርጥብ መግባት የለም!» ትላለች። እኔም አንዴ ገልብጬ አስገብቼው፣ ሳሳ ያለውን ወደ ውስጥ፣ ወፍራሙን ወደ ውጭ፣ በሁለት ቀን ተደፍኖ ማራገቢያው ሲያቃስት ተማርኩ።

ክረምቱ ሲመጣ ፊልትሮው ታጥቦ አልደርቅ አለ። መቱ በሐምሌ ምን ይደርቃል? ሻገተ፣ ሸተተ። እኔ ደግሞ ዕቃ ሲሸት የማውቀው አንድ መድኃኒት ነው፤ እናቴ የወተቱን ቅል በወይራ ጭስ ታጥነዋለች፣ ወተቱም አይበላሽም። እትዬ ዲንቂም የወተት ዕቃቸውን እንዲሁ ነው የሚያደርጉት። ስለዚህ ከእሳቸው የወይራ ፍልጥ ለምኜ፣ የማዳምን ፊልትሮ ከፍሙ በላይ ይዤ፣ ግራና ቀኙን አገላብጬ ጥሩ አድርጌ አጠንኩት። እንዴት እንደሸተተ! ኮርቼ አስገባሁት። ማዳም ከምሳ በኋላ ማጣሪያውን አስነስታ ጋደም አለች፣ ወዲያው እየጮኸች ወጣች። ዓይኗ እንባ፣ አፍንጫዋ እንባ። «ቤቴን ማቃጠል!» ትለኛለች። እኔ ደግሞ «ኧረ ማዳም፣ እንዳይበላሽ ብዬ ነው» እላለሁ። ምን እንዳይበላሽ? አየር ወተት ነው እንዴ?

አላባረረችኝም። ሌላ ፊልትሮ ተቀያሪ ነበራት፤ ያን አወጣችና የታጠነውን በእግሯ ገፋ አደረገችልኝ። ለእሷ ቆሻሻ ነው። እኔ አቅፌው ወደ ቤቴ ሮጥኩ።

ጭሱ እስኪለቅ ሁለት ሳምንት ከደመና ብቅ ጥልቅ በምትል ፀሐይ አናፈስኩት። በየስንጥቁ ጭቃና ጭድ ለቅልቄ፣ ፊልትሮውን መስኮቱ ላይ በእንጨት ማቀፊያ ቸነከርኩት። ማራገቢያ የለኝም፤ ነፋሱን ራሱን ነው የማሠራው። ያ ሲያረጅ የራሴን ሠራሁ። ልትሠሩ የምትፈልጉ ስሙኝ፦ ጆንያ አትሞክሩ፣ ራሱ አቧራ ነው። አቡጀዲ ከአቧራው ጋር ነፋሱንም ይከለክላል፣ ታፍናችሁ ታድራላችሁ። ሻሽ ብቻውን ሁሉን ያሳልፋል። በሁለት ሻሽ መካከል ባዘቶ በስሱ ዘርግታችሁ ስፉት፤ በመቀሸሪያው ወራት በየማለዳው አውጥታችሁ ምቱት፣ የውስጠኛው ፊት ሲጠቁር ባዘቶውን ቀይሩት። በክረምት ከማጠብ መጣል ይሻላል።

ቤቱ መጽዳቱን ለማወቅ ነጩን ነጠላዬን የሙሉነሽ አልጋ ላይ አነጠፍኩ። በፊት አንድ ቀን ቢያድር ቡኒ ይሆን ነበር። በሦስተኛው ዓመት፣ መቀሸሪያው ቀንና ሌሊት በሚዞርበት በጥር፣ ነጠላው ሳምንት ሙሉ ነጭ ሆኖ ሰነበተ። እትዬ ዲንቂን ጠርቼ አሳየኋቸው። በእጃቸው ዳበስ አደረጉት፣ መረቁኝ፣ ከዚያ ዓይናቸውን ወደ እኔ መለሱ።

«ያ ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ፊልትሮሽን ስትመቺ አፍሽን ለምን አትሸፍኚም? ማለዳ ማለዳ ስትስዪ እሰማሻለሁ።»

«ጉሮሮዬን ትንሽ ይከረክረኛል እንጂ ሌላ የለብኝም» አልኳቸው። የማዳምን፣ የራሴን፣ ኋላም የጎረቤቶቼን ፊልትሮ የምመታው እኔ ነኝ። ለሙሉነሽ ደረት እንጂ ለሌላ ደረት ማሰቢያ ጊዜ አልነበረኝም።

ለእናቴ ጻፍኩላት። ቀን ቆርጠን፣ እሷ እዚያ ስልክ ቤት፣ እኔ እዚህ ስልክ ቤት ልንገናኝ ተስማማን። የዚያን ቀን እትዬ ዲንቂ ሳል እንዳያስቸግረኝ ማር አላሱኝ። ስልክ ቤት ከጧት እስከ ቀትር ጠበቅሁ።

«ጎሬ አትመልስም» ይላል ስልከኛው፤ መስመሩ የሚያልፈው በዚያች ከተማ ነው።

«ጎሬ የት ሄደች?»

«እሱን ጎሬን ጠይቂያት።»

በመጨረሻ አገናኘን። የልጄ ድምፅ ነበር የቀደመው። ስምንት ዓመቷ ነው። «ሙሉዬ፣ እኔ ነኝ» አልኳት። ከስልኩ ራቅ ብላ ስትጮህ ሰማኋት፣ «እማዬ! ያቺ የመቱዋ ናት!» እማዬ የምትለው እናቴን ነው። ዋጥኩት። እናቴ ተቀበለቻት። ስለ መስኮቱ፣ ስለ ባዘቶው፣ ስለ ነጠላው ሁሉንም ነገርኳት። ጉሮሮዬ ሲነሳብኝ ትንፋሼን እይዛለሁ፣ ትንሽ እናገራለሁ፣ ደግሞ እይዛለሁ።

«ነጭ ነው አልሽኝ? እውነት?» አለች እናቴ።

«ሳምንት ሙሉ፣ እማዬ። እግዜር ምስክሬ ነው።»

«እንግዲያውስ ለፋሲካ ሽፈራው መጥቶ ይውሰዳት» አለች። ደስታው ነው መሰለኝ ትንፋሼን ያስለቀቀኝ። ሳሉ መጣ። አፌን በነጠላዬ ይዤ፣ ተጎንብሼ፣ ስልኩን ከጆሮዬ አርቄ ሳልኩ፣ ሳልኩ፣ አልቆም አለኝ። ስልኩን ወደ ጆሮዬ ስመልስ እናቴ እየጠበቀች ነበር።

«ያ የሚያስለው ማን ነው?»

«እዚህ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ነው።»

«አሰገደች» አለችኝ። «የወለድኳትን ሳል አጣዋለሁ?»

ነጠላዬን መልሼ አፌ ላይ ያዝኩ። «አልሰዳትም። አንቺ ነይ» አለች፣ ድምፅዋ እየተሰበረ። ከዚያ ስልከኛው ሰዓቱ አልቋል ብሎ ቆረጠው።

ሽፈራው ወደ አገራችን እስክንመለስ ሁለት ዓመት ታገሺኝ ይላል። እሱም ማሳል ጀምሯል። ዛሬ ማለዳ ፊልትሮውን አውጥቼ መታሁት፣ መልሼም መስኮቱ ላይ አደረግሁት። ከዚያ ገብቼ የሙሉነሽን አልጋ አየሁ። ነጠላው አሁንም ነጭ ነው።