ውዳድ ለሥዕሎቿ ስም አልሰጥም ያለች ጊዜ

እህቴ ውዳድ ጨጓራዬን መላጥ የጀመረችው ዛሬ አይደለም፤ ገና እናታችን ጀርባ ላይ ታዝላ ሳለች ነው። አንድ ነገር ብትጠይቋት መልሱን እያወቀችው ዝም ብላ ታያችኋለች። ይሄን ዝምታ የወረሰችው ደግሞ ከሌላ ከማንም አይደለም፣ ከአባታችን ነው። ባባ ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 5 የሚባለው ሰፈር ውስጥ ጨርቅ ሲሸጥ ያረጀ የሐረር ሰው ነው። ደንበኛ ዋጋ ሲከራከረው መልስ አይሰጥም፤ ጨርቁን ጠቅልሎ መደርደሪያው ላይ ይመልሰዋል። ሁለቱን አንድ ቤት ውስጥ ያስቀመጠ አላህ፣ መሃላቸው እኔን ናዒማን ጣለኝ።

ውዳድ ትምህርት ከጨረሰች ጀምሮ ሱቁ ውስጥ ትሠራ ነበር። ሴቶቹ ለበዓልና ለሠርግ የሚለብሱት ያ ስስ ቀሚስ፣ ድሪዕ፣ ከየትኛው ሻሽ ጋር እንደሚሄድ የምትመርጥላቸው እሷ ነበረች። ሱቅ ሲዘጋ ትስላለች። ሥዕል መማር እፈልጋለሁ ባለችው ቁጥር ባባ “ከዒድ በኋላ እንነጋገራለን” ይላታል። ዒዱ ያልፋል፣ ሌላ ዒድ ይመጣል፣ ንግግሩ ግን የለም። ወላሂ፣ ዱቤ የተከለከለ ደንበኛ እንኳ እንዲህ አይመላለስም። በመጨረሻ አንድ የረመዳን ማለቂያ ላይ፣ ሱቁ በሴት ተጨናንቆ መርፌ መጣያ በጠፋበት ሰዓት፣ ሜትሩን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ ውልቅ አለች። ካርቲየ 7 ቢስ የሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ተከራየች። የሰፈሩን ልጆች ፈረንሳይኛ እያስጠናች ትኖራለች፣ ከወደብ ሾፌሮች አሮጌ የመኪና ሸራ እየለመነች ቀለም ትቀባበታለች።

ከዚያ ወዲህ ከባባ ጋር አይነጋገሩም። ተኳርፈው ቢራራቁ እኮ ደግ ነበር፣ እኔም አርፍ ነበር። ግን ውዳድ በየዒዱ ትመጣለች፤ እዚያው ትሪ ዙሪያ፣ ከባባ ፊት ለፊት ትቀመጣለች። ባባ “ናዒማ፣ ሩዝ ትጨምር እንደሆነ ጠይቂያት” ይለኛል። እሷም እዚያው ሆና “ጠግቤያለሁ በይው” ትለኛለች። እጃቸው ሩዙ ላይ ሊጋጭ ምንም አይቀረው። ሲናደዱ ደግሞ የሚቆጡት እኔን ነው፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው። እንዲህ እንዲህ ሲል አራት ዓመት ሄደ።

ከዚያ የባባ ልብ ደከመ። ሐኪሙ የጅቡቲ ሙቀት ይገድልሃል፣ አገርህ ግባ አለው። ሱቁን ለአጎቴ ልጅ ለዘይድ አስረከበና ሐረር ሊገባ ቅዳሜ ለመሄድ ቆረጠ። የውዳድ የሥዕል ኤግዚቢሽን የሚከፈተው ደግሞ ከዚያ በፊት ሐሙስ ነው፤ ብቻዋን የምታሳየው፣ የመጀመሪያዋ። ባባ መጥቶ ሳያያት ከሄደ፣ ሐረር ተቀምጦ ከእሷ ጋር በማን በኩል ሊነጋገር ነው? አንዳቸው አንድ ነገር ቢሆኑ ሌላው እንዴት ይኖራል? ይሄ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ።

እኔ ለዚህ ስብከነከን የእሷን ጉድ ስሙልኝ። ሥዕሎቿ ላይ ሰው የለ፣ ቤት የለ፣ ግመል የለ፤ ቀለም ብቻ ነው። እሺ፣ ቀለም ይሁን። ቢያንስ ስም ስጫቸው፣ ባባ የሚያየውን ይወቅ አልኳት። ቁጥር ሰጠቻቸው። ቁጥር አንድ፣ ቁጥር ሁለት እያለች ጻፈችባቸው፤ እዚህ አገር የካርቲየ ቁጥር ያነሰን ይመስል። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ በእናታችን አማልኳት። ዝም ብላ አየችኝ።

የኤግዚቢሽኑን መክፈቻ ደግሞ ሥዕሎቹ የተሰቀሉበት አዳራሽ ኃላፊ፣ አንዲት ፈረንሳዊት ማዳም፣ ለአስራ አንድ ሰዓት ቀጠረችው። በዚያ ሰዓት የዚህን ከተማ ወንድ ከበርጫ ማስነሳት ማለት መርከብ በእጅ መግፋት ነው። ባባን ከነጫቱ ከፍራሹ ያስነሳሁት እኔ፣ እያጉረመረመ መኪና ውስጥ ያስገባሁት እኔ፣ ባሌን ሙሚንን ሥራ አስፈትቼ ሾፌር ያደረግኩት እኔ። ውዳድ አባቷ ሲገባ አይታ ምን አደረገች? ጥግ ይዛ ቆመች።

ጎረቤታችን ሩቅያ ቀድማ ደርሳ ጁስ እየጠጣች ነበር። ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብላ፣ ልጅ ነው እንዴ ቀለሙን የደፋባቸው አለችኝ። እፍረት ያዘኝ። ባባ ምርኩዙን ይዞ መሃል ላይ ቆሞ ዙሪያውን ያያል፣ አንድም ነገር አይናገርም። አላስችል አለኝና ማስረዳት ጀመርኩ። ሰማያዊውን የታጁራ ባሕር ነው አልኩት። ቀዩን የሐረር በርበሬ ተራ ነው አልኩት። ትልቁን ቡናማ ደግሞ ይሄማ ሱቃችን ነው አልኩት። ከየት እንዳመጣሁት እኔም አላውቅም፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። ባባ ወደ ቡናማው ተጠጋና ጨርቅ እንደሚመርጥ ሰው ጫፉን በሁለት ጣቱ አሸት አደረገው። ማዳም መንካት ክልክል ነው እያለች ሮጠች። ውዳድ ከጥጓ ሆና፣ ተይው፣ እሱ ይንካው አለቻት።

ባባ ዞረ። አሁን “ናዒማ፣ ጠይቂያት” ይለኛል ብዬ ተዘጋጀሁ። እሱ ግን በእኔ ራስ ላይ አሻግሮ እሷን አያት።

“እውነት ይሄ ሱቁ ነው?”

“አይደለም፣ ባባ።”

“ታዲያ ምንድነው?”

በዓይኔ ለመንኳት። አንድ ጊዜ ብትዋሽ፣ ሱቁ ነው ብትለው ምን ይጎድልባታል?

“አንተ ላይ የተናደድኩት ነው” አለችው።

ሩቅያ ጁሷን እንደያዘች ቀረች። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። ባባ ወደ ቀዩ ዞሮ ይሄስ አላት፤ እሱም አንተ ላይ ነው አለችው። ሰማያዊውስ ሲላት እሱን የሣልኩት ሲበርድልኝ ነው አለች። በሩ አጠገብ የተሰቀለችውን ትንሿን አረንጓዴ በምርኩዙ ጠቆማት።

“እሱ ናዒማ ላይ ነው” አለች።

እኔ ምን አደረግኩ? ሥራዬን ትቼ የተንከራተትኩት እኔ፣ የተሰደብኩት እኔ፣ ጭራሽ ግድግዳ ላይ ተሰቀልኩ። ደሜ ፈላ። የሚሰማኝ ግን አልነበረም።

“ይሄን ሁሉ ከምትቀቢ፣ ምነው በአፍሽ ብትነግሪኝ?” አላት ባባ።

“ብነግርህ ትሰማኝ ነበር?”

ባባ ቡናማውን እንደገና አየው፣ ከላይ እስከ ታች።

“አልሰማሽም ነበር” አለ።

ወንበር አምጡልኝ አለ። ለእሷም አስመጣ። እንግዲህ ከመጀመሪያው ንገሪኝ ሲላት እኔም ለራሴ ወንበር ስስብ አየኝና፣ አንቺ ውጪ ጠብቂን አለኝ። ለአራት ዓመት ቃላቸውን ያመላለስኩትን ሴት፣ አንዲት ቃል እንኳ ሳያሰሙኝ በር ላይ አቆሙኝ። ከመናደዴ ብዛት እዚያው ሙቀት ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ሙሚን ከመኪናው ወርዶ፣ መሸ እኮ፣ ግቢና ጥሪያቸው እንሂድ አለኝ። ክንዱን ይዤ አስቆምኩት።

“ወደዚያ በር ዝር እንዳትል” አልኩት። “እያወሩ ነው።”